መድረኩስ ተሰጠን፤ ተማሪ ስጡን

ይድረስ፦ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለምትገኙ የባህል ድጋፍ ቢሮዎች፣ የሕዝብ ላይብረሪ ኃላፊዎችና የፌስቲቫል አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ የማሲንቆ ተማሪ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ ስለማልችል አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የናንተን ፎርም በእንግሊዝኛ ስሞላ ኖሬአለሁ። ጥቂቱን ለራሴ፣ አብዛኛውን ለሰው። አንድ ጊዜ እንኳ ተራው ይቀየር ብዬ ነው። ተርጓሚ ከቸገራችሁ ታክሲ ጥሩ፤ ሹፌሩ ያነብላችኋል። ደግሞ ደብዳቤው ግማሹ ለኛው ሰዎች ነው። እነሱንም የምቆጣበት ነገር አለኝ። ዓመቶቹን በናንተ አቆጣጠር አድርጌላችኋለሁ፣ እሱን አትጨነቁ።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሰመር ነው። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ወዳጄን ይዤ አንድ ፌስቲቫል ላይ ሄድኩ። የፌስቲቫሉን ስም አልጠራም። ወዳጄ ሙያውን ከአባቱ ነው የተማረው፣ አባቱም ከአያቱ። ቀን ቀን ፓርኪንግ ይሠራል። የተሰጠው ጊዜ 12 ደቂቃ ነው። ቦታው የውጭ አገር ባህል የሚቀርብበት ድንኳን ነው። ከሱ በፊት ከበሮ፣ ከሱ በኋላ ሌላ ከበሮ።

አስተባባሪዋ ጥሩ ልጅ ነች። ውሃ ሰጠችን፣ ወንበር ፈለገችልን። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። ፈጠን ያለ ዘፈን የለውም ወይ? ትከሻ የሚመታ ሰው አልመጣም ወይ? የለም አልኳት። ፊቷ ላይ ቅር ያላት መሰለኝ።

ወዳጄ ወጣ። ማሲንቆው አስቸገረው። የዋሽንግተን ሐምሌ ወበቅ ነው፤ ቆዳው እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ድምፁ ይሰንፋል። ደጋግሞ ቃኘው። ሦስት ደቂቃ እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ አምባሰል ጀመረ። ሰው በጨዋነት ያጨበጭባል። ልጆች አይስክሬም ይልሳሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

11ኛው ደቂቃ ላይ ከኋላ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ተቀበል!»

ወዳጄ ቀና አለ። ሴትዮዋ ግጥሙን ሰጠችው፦

ነገ እንመለሳለን እያልን አመሸን፣
ስሙም እንደዚያ ነው፣ ዋሽንግተን ዋሸን።

ተቀበላት። ደጋኑ ሌላ ደጋን ሆነ። ያችኑ ግጥም አንዴ እንደ ቀልድ፣ አንዴ እንደ ለቅሶ እያደረገ ሦስት ጊዜ መለሳት። እዚያ የነበርነው ሰባት ስምንት ሐበሾች በሳቅ ፈረስን። አንድ አዛውንት ግን እየሳቁ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። አስተባባሪዋ ሮጣ መጣችና «ምንድነው የሚለው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ስለ ከተማችሁ ነው» አልኳት። በማይክሮፎን ተናገረች። ሕዝቡ ደስ ብሎት አጨበጨበ። ወዲያው እጇን አውለበለበች፤ ሰዓት አልቋል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ሙዚቃው የተጀመረው በ11ኛው ደቂቃ ነው። በ12ኛው ተዘጋ። የቀረው ሁሉ መቃኘት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ የሚያውቅ ይለፈው። ማሲንቆ አንድ ክር ያላት መሣሪያ ናት። ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ ደጋኑም ላይ ያለው እንደዚያው። ሣጥኗ በቆዳ የተለበጠ ነው። ለመሣሪያ ሰብሳቢ ይኸው በቂ ነው፣ ሙዚየም ውስጥም የሚጻፈው ይኸው ነው። አዝማሪ ግን ማሲንቆ የሚመታ ሰው ብቻ አይደለም። ግጥም የሚቀበል ሰው ነው። ታዳሚው «ተቀበል» ይለዋል፣ ግጥም ይወረውርለታል፣ እሱ ዜማ አልብሶ ይመልሳል። አንዳንዴም ከራሱ ጨምሮ ወርዋሪውን ይወጋዋል። ቃሉ ሰምና ወርቅ አለው። የሴትዮዋን ግጥም እዩት። «ዋሽንግተን» የከተማ ስም ነው። «ዋሸን» ደግሞ ዋሸብን፣ አታለለን ማለት ነው። ሁለቱን አጠጋግታ ከተማውን በገዛ ስሙ ከሰሰችው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር በማይክሮፎን እንዴት ትተረጉሙታላችሁ? እኔም አልቻልኩም፣ ለዚያ ነው ያታለልኳችሁ። ይቅርታ።

ታዳሚ የሌለው አዝማሪ ግማሽ ሰው ነው። ስለዚህ መድረክ ሰጠናችሁ ስትሉ የሰጣችሁን የግማሹን መድረክ ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ መድረኩን አመስግነናል። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኛን ለምን እንግዳ ድንኳን ውስጥ ታደርጉናላችሁ?

ሕጋችሁ እንደዚያ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ ላይ የወጣው የአሜሪካን ፎክላይፍ የመጠበቅ ሕግ፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማዕከል ያቋቋመው ማለቴ ነው፣ የአሜሪካ ሕዝባዊ ባህል ምን እንደሆነ ይተረጉማል። እዚህ አገር ባሉ ልዩ ልዩ ቡድኖች ውስጥ በጋራ የሚኖር ባህል ነው ይላል። በቤተሰብ፣ በብሔረሰብ፣ በሙያ፣ በሃይማኖት፣ በአካባቢ። ከየት መጣህ አይልም። መቼ መጣህም አይልም። ወዳጄ ፓርኪንግ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ግጥም ሲወራወር ያ በሕጉ አነጋገር የአሜሪካ ፎክ ሙዚቃ ነው። «የዓለም ሙዚቃ» የሚባለው ነገር የት እንደሚገኝ እኔ አላውቅም። ሁሉም ሙዚቃ የዓለም ነው።

ይህ አገር ደግሞ ለዚህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ባንጆን ውሰዱ። አሁን የተራራ ነጮች መሣሪያ መስሎ ይታያል። ሥሩ ግን በባርነት ተይዘው የመጡ ምዕራብ አፍሪካውያን ከቅልና ከቆዳ የሠሩት ነው። እነሱ ስደተኛ አልነበሩም፤ ተጭነው ነው የመጡት። ያን ልዩነት ማደባለቅ ነውር ነው። ግን መሣሪያው ከየት ወደ የት እንደሄደ ስታዩ «ይሄ የኛ፣ ያ የእንግዳ» ማለት ትንሽ ያስቸግራል።

ሌላም ላንሳ። በቺካጎ ፍራንሲስ ኦኒል የሚባል አየርላንዳዊ ነበር። ከኮርክ የመጣ፣ ዋሽንት የሚነፋ፣ ከ1901 እስከ 1905 የከተማው ፖሊስ አዛዥ የነበረ ሰው። አዎ፣ ፖሊስ። ጥሩ ሙዚቀኛ ካገኘ ፖሊስ ያስቀጥረው ነበር ይባላል። እሱ ዜማውን በጆሮው ይይዛል፣ ጄምስ ኦኒል የሚባል ሌላ ፖሊስ ደግሞ በኖታ ይጽፍለታል። በ1903 የ1,850 ዜማዎች ስብስብ አሳተመ። እስከ ዛሬ የአየርላንድ ተጫዋቾች የሚያገላብጡት መጽሐፍ የተሰናዳው ደብሊን ውስጥ አይደለም፤ ቺካጎ ውስጥ በፖሊሶች ነው። ትንሽ ቆይቶ ከአየርላንድ፣ ከስላይጎ የመጣው ማይክል ኮልማን በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ሸክላ አስቀረጸ። ሸክላው በመርከብ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። አየርላንድ ውስጥ ያሉ ገበሬዎች ኒው ዮርክ ያለውን ሰው እየሰሙ የገዛ ዜማቸውን አጨዋወት ቀየሩ።

ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ መጣ፣ እሱ ቀረ። በ1985 እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ይዞ ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ካሴቱ አገር ቤት ገባ፣ ተሰማ፣ ተረሳ። ኃይሉ ታክሲ ያዘ። ዓመታት አለፉ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት አሳዳጅ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት አገኘው፣ ባለቤቱን ቢያፈላልግ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ተገኘ። በ2013 እንደገና ወጣ። እዚህ የተሠራን ዜማ ለማግኘት ባሕር ዳር መሄድ አስፈለገ ማለት ነው! ስንት ሰው ታክሲው ውስጥ ገብቶ ወደ ኤርፖርት ሄዷል። ስንት ሰው ከፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሳያውቅ ወርዷል።

አኮርዲዮንን ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይ። ይቺ መሣሪያ የስደተኛ ሁሉ ዘመድ ናት። ቴክሳስ ላይ የጀርመንና የቼክ ሰፋሪዎች አመጧት፣ የሜክሲኮ ልጆች ወሰዷት፣ ናርሲሶ ማርቲኔዝ በ1930ዎቹ ኮንሁንቶ የሚባለውን አጨዋወት አቆመባት። ሉዊዚያና ላይ ጥቁሮችና ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሌላ ነገር አደረጓት። ክሊቭላንድ ላይ የስሎቬኒያ ስደተኞች ልጅ ፍራንኪ ያንኮቪች ፖልካ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ከፍ አደረገባት። በ1982 ብሔራዊው የኪነ ጥበብ ድጋፍ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹን የብሔራዊ ቅርስ ሽልማቶች ሲሰጥ ያንኮቪች ከተሸላሚዎቹ አንዱ ነበር። በ1986 ደግሞ ግራሚ ለፖልካ የራሱን ዘርፍ ሲከፍት የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ሆነ። በ2009 ዘርፉ ተሰረዘና ፖልካ ከሌሎች ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ገባ። እንግዳ ድንኳን ማለት እንግዲህ እንደዚያ ነው። ሁሉም ይገባል፣ ማንም አይታይም።

ኢትዮጵያም ራሷ አንድ ድንኳን አትበቃትም። የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የትግሬው፣ የዶርዜው ዜማ አንድ አይደለም። «የኢትዮጵያ ሙዚቃ፣ 12 ደቂቃ» ሲባል እኔ ለየትኛው እንደሆነ ይጠፋኛል። ይህን ግን ለሌላ ደብዳቤ አቆየዋለሁ፤ እሱ ላይ ከጀመርን እርስ በርሳችን ሳንጣላ አንጨርስም።

ወደ ተማሪው ልምጣ። የደብዳቤው ነገር እዚህ ነው ያለው።

ዴቭ ታራስ የሚባል ክላርኔት ተጫዋች ነበር። የዩክሬን አይሁዳዊ፣ በ1921 ኒው ዮርክ የገባ። ሲተረክ እንደምንሰማው የስደተኞች መግቢያ በነበረችው ኤሊስ ደሴት ላይ ሻንጣው በመድኃኒት ጭስ ሲታጠን ክላርኔቱም አብሮ ታጥኖ ተበላሸ። ስለዚህ መጀመሪያ ፀጉር ቆዳ በሚሰፋበት ፋብሪካ ሠራ። ኋላ መሣሪያ ገዛና ክሌዝመር የሚባለው የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የሠርግ ሙዚቃ ንጉሥ ሆነ። ሠርግ ያለሱ አይሆንም። ከዚያስ? በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ የሚመጣውን ሰው ቆረጠው። አዲስ መጪ የለም። እዚህ የተወለዱት ልጆች ጃዝ ነው የሚፈልጉት። ሠርጉ ሌላ ባንድ ያዘ። ሰውየው እያረጀ ሄደ፣ ክላርኔቱም ሳጥን ውስጥ ቁጭ አለ።

በ1970ዎቹ አንዲ ስታትማን የሚባል ወጣት ሄዶ ደጁን አንኳኳ። አስተምረኝ አለው። የኒው ዮርክ ባህል ወዳዶችም ብራቸውን ከብሔራዊው የኪነ ጥበብ መሥሪያ ቤት አግኝተው በ1978 ለሽማግሌው ኮንሰርት አዘጋጁ፣ ሙዚቃውንም አስቀረጹ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ክሌዝመር ዛሬ ዓለም ላይ አለ። መምህሩ በ1984 የብሔራዊ ቅርስ ሽልማቱን ተቀበለ። ተማሪው ደግሞ ያንኑ ሽልማት በ2012 ተቀበለ።

ያንን የሙዚቃ ዓይነት ያቆየው ትልቅ መድረክ አይደለም። ታራስ መድረክ ሞልቶት ነበር። የጎደለው አንድ ልጅ ነው።

እኛ አሁን ያለነው ከ1924 በፊት ባለው ሰዓት ላይ ነው። የ1980ው የስደተኞች ሕግና በ1990 የመጣው ዲቪ በየዓመቱ አዲስ ሰው ሲያመጡልን ኖረዋል። አዲስ ሰው ሲመጣ ዜማው አብሮ ይመጣል። ሠርግ ላይ ዘፋኝ ቢጠፋ ከአዲስ አበባ በቪዛ እናስመጣለን። ስለዚህ ማንም የተጨነቀ የለም። በሩ ግን ይዘጋል፤ ከዚህ በፊት ተዘግቷል። ያን ጊዜ ማሲንቆ የሚይዘው እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፣ ካለ።

እናንተ ደግሞ ለዚህ መንገድ አላችሁ። እኔ የማወራው ከዜሮ ስለመጀመር አይደለም። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም አንድን አዋቂ ከአንድ ተማሪ ጋር አገናኝተው የሚከፍሉበት ፕሮግራም አላቸው። ለጊታር፣ ለባንጆ፣ ለጀልባ ሥራ፣ ለብርድ ልብስ ስፌት። ነገሩ በኛ ባህል እንግዳ አይደለም። የኔታና ቆሎ ተማሪ ማለት ሌላ ምን ነው? በ2008 አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የሚኖሩት መሪጌታ ሞገስ ሥዩም በቤተ ክርስቲያን ዜማቸው የብሔራዊ ቅርስ ሽልማቱን ተሸልመዋል። እንደዚያ ያለ ሰው የተሠራው በአውደ ጥናት አይደለም። የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ፣ ዓመት ሙሉ፣ ከዚያ ሌላ ዓመት።

ታዲያ የኛ አዝማሪ ለምን አልገባበትም? ፎርሙን አብረን አይተነዋል። በየት ተማርክ ይላል። «ከአባቴ» ብሎ ጻፈ። የሥራ ናሙና ይላል። ስልኩ ላይ ያለው ቪዲዮ ሠርግ ነው፤ ሰው ግንባሩ ላይ ዶላር ሲለጥፍ ይታያል፣ ድምፁም አይሰማም። ፕሮጀክትህን በ500 ቃል ግለጽ ይላል። ሰውየው ግጥም በሴኮንድ የሚፈጥር ሰው ነው፤ ፎርም ላይ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ከዚያ ጊዜው አለፈ። የሚገርመው፣ ፎርሙን ትታችሁ ስልክ አንስታችሁ በአማርኛ «እስቲ ንገረን» ብትሉት ከ500 በላይ ቃል ነበር የሚሰጣችሁ። ያውም በግጥም። ማመልከቻውን በቃል መቀበል ያን ያህል ከባድ ነው? ድምፁን ቅረጹት፣ አስተርጉሙት። ለሐኪም ቀጠሮ አስተርጓሚ ስትመድቡ እኮ እናያለን።

ገንዘቡ እንደጠበበ አውቃለሁ። በ2025 የብሔራዊው መሥሪያ ቤት ለብዙ ድርጅቶች ሰጥቶት የነበረውን ድጋፍ ሰርዟል፣ ሰምተናል። እኔ የምጠይቀው ግን ብዙ ብር የሚፈጅ ነገር አይደለም። አንድ የፌስቲቫል ቀን ለድምፅ ማጉያና ለድንኳን የሚወጣውን አስቡት። ያ ገንዘብ ለአንድ አስተማሪ የስንት ቅዳሜ ክፍያ ይሆናል? እኔ ብሆን ከሁለት ፌስቲቫል አንዱን አጥፌ ቅዳሜዎቹን እገዛለሁ። የማይስማማ ይኖራል፤ ፌስቲቫል ለፎቶ ይመቻል፣ ቅዳሜ አይመችም።

ክፍሉም ቀላል ነው። ላይብረሪ ጠይቀን ነበር። የቱ እንደሆነ ይቅር። ድምፅ ያለው ፕሮግራም አይፈቀድም አሉን። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ክፍል ውስጥ ለሕፃናት የከበሮ ፕሮግራም ነበር። ማሲንቆ ከከበሮ እንደማትበልጥ የሚመሰክር ድምፅ መለኪያ ካስፈለገ እናመጣለን።

አሁን ፊቴን ወደኛ ላዙር። አንባቢ ወገኖቼ፣ እስካሁን እየነቀነቃችሁ ነበር ያነበባችሁት። አሁን እስቲ አትነቅንቁ።

አዝማሪን የናቀው አሜሪካ አይደለም። እኛ ነን። ስድብ አድርገነዋል። «የአዝማሪ ልጅ» ስንል ማንን እንደምናዋርድ እናውቃለን። እሱን ይዘን መጣን፣ በሻንጣችን፣ ከበርበሬው ጋር። ሠርጋችን ላይ ለዲጄ በውል እንከፍላለን፣ አዝማሪውን «ና ብቅ በል፣ ሽልማት አታጣም» እንላለን። ልጃችንን ፒያኖ እናስተምራለን፣ ቫዮሊን እናስተምራለን፣ በየሳምንቱ እንነዳለን፣ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ማሲንቆ ሲባል «ምን ይሠራላታል?» እንላለን። ቫዮሊንስ ምን ይሠራላታል? የሁለቱም ደጋን የፈረስ ጭራ ነው እኮ።

እንዲያውም ወዳጄ ጭራ ሲያልቅበት የሚሄደው ቫዮሊን ጠጋኝ ጋ ነው። መጀመሪያ ወደ ሚድልበርግ ሄዶ ነበር፣ እዚያ ቨርጂኒያ የፈረስ አገር። አንድ በረት ገብቶ የፈረስ ጭራ ስጡኝ አላቸው። በትሕትና አባረሩት። ቫዮሊን ጠጋኙ ግን ምን ሊያደርግበት እንደፈለገ ጠየቀው፣ ማሲንቆውን አየው፣ ዞር ዞር አድርጎ አየው፣ አንድ ጥቅል ነጭ ጭራ በነፃ ሰጠው።

አዝማሪዎቹንም አልምርም። አንዳንዶቻችሁ ሙያውን ለዘር ብቻ ትላላችሁ። እርስ በርስ የምትነጋገሩበት፣ ሌላው የማይሰማው የራሳችሁ ቋንቋ ነበራችሁ። ጥሩ ነው፣ ንጉሥም ሹምም እንዳይሰማችሁ ጠቅሟችኋል። እዚህ ግን ማን እንዳይሰማችሁ ነው? የገዛ ልጃችሁ እንኳ አማርኛውን በግድ ነው። ለዘመድ ብቻ ካላችሁ ዘመዱ ኮምፒውተር ሳይንስ ገብቷል።

ወደናንተ ልመለስ፣ የቢሮ ሰዎች። ፌስቲቫሉን ካላጠፋችሁ ደግሞ 12 ደቂቃውን ቀይሩልን። አንድ ሰዓት ስጡት። ከፊት ያሉትን ሦስት ረድፍ ወንበሮች ለአማርኛ ተናጋሪ ያዙ። ለሌላው ሰው ግጥሙን እየተረጎመ የሚጽፍ አንድ ሰው መድቡ። እኔ እችላለሁ፤ ቀድሜ እንዳታለልኳችሁ አላደርግም። በ1976፣ አገሪቱ 200 ዓመቷን ስታከብር፣ ስሚዝሶኒያን የሚባለው የሙዚየሞች ተቋም ከእያንዳንዱ የስደተኛ ማኅበረሰብ ጎን ከአገር ቤት የመጡ ሙዚቀኞችን አስቀምጦ 12 ሳምንት ፌስቲቫል አድርጓል። ሳምንት ነው ያልኩት። እኛ የምንለምነው ሰዓት ነው።

መቅረጹንም አትርሱ። ሲድኒ ሮበርትሰን የምትባል ሴት ከ1938 እስከ 1940 ሰሜን ካሊፎርኒያን ዞራ 185 ሙዚቀኞችን በ12 ቋንቋ ቀርጻለች። የአርመኑን፣ የፖርቱጋሉን፣ የሲሲሊውን። መንግሥት ለሥራ አጥ ሥራ ይፈጥርበት በነበረው ገንዘብ ነው ያደረገችው። ሰዎቹ ዓሣ አስጋሪ፣ ገበሬ፣ የቤት እመቤት ነበሩ። እሷ «ይሄ እንግዳ ነው» አላለችም። የካሊፎርኒያ ፎክ ሙዚቃ ብላ ነው መዝገቡ ላይ ያሰፈረችው። አሁን 35 ሰዓቱ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የኛ ፓርኪንግ ሠራተኞች ግጥም ግን የትም አልተቀመጠም። ዋሽንግተን ዋሸን የምትለዋን እኔ ናፕኪን ላይ ጻፍኳት።

አሁን አንድ ተማሪ አለችን። አንድ ብቻ። 12 ዓመቷ ነው፣ የጎረቤት ልጅ፣ ቫዮሊን ትማራለች። እናቷ ማሲንቆውን አታውቅም ነበር፤ ልጅቷ የሒሳብ ማስጠናት ነው ብላ ነበር የምትመጣው። የምንሰበሰበው የኔ ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ። እጇ ቶሎ ገባ፤ ቫዮሊኑ ረድቷታል። ባቲን ትዝታ እያደረገችው ወዳጄን ታናድደዋለች። ግጥም ግን እምቢ አላት። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ምን ብዬ ተቀበል እላለሁ?» ትለዋለች። «የሆነብሽን በይ» ይላታል።

ባለፈው ክረምት በረዶ የጣለ ቀን መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ «ተቀበል!» አለችው፦

ትምህርት ቤት ተዘጋ በበረዶ ብዛት፣
ማሲንቆ ስመታ ለናቴ እንዳትነግራት።

ወዳጄ እየሳቀ ተቀበላት። በዚያው ሳምንት የእናትየው እህት ልደት ነበር፣ ወዳጄም ተጠርቶ ነበር። እናትየው ከፊት ቁጭ ብላለች። አዝማሪ ምሥጢር አይጠብቅም፤ ጥሩ ግጥም ካገኘ ደግሞ ጨርሶ አይጠብቅም። ዘፈነው። እናትየው መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዘወር ብላ ልጇን አየቻት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እራሷ ነው የምታመጣት። መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ቤዝመንቱ ጠባብ ነው፣ ለሦስተኛ ወንበር ቦታ የለውም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኮሚኒቲ ማኅበራት
ለሠርግ ዲጄዎች በሙሉ
ለቫዮሊን ጠጋኙ፣ ከምስጋና ጋር
«ተቀበል!» ላለችው ሴት፣ ያለችበት ይድረሳት